የአክሱም መንገደኞች ሽርጥ

ጉዞ የሚጀመረው በእግር ነው ያላችሁ ማን ነው? እኛ መቱ ከተማ ግን የሚጀመረው በጨርቅ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ቀን «ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን የአክሱምን ፍርስራሽ አይተን እንምጣ» አሉን። ስድስት ሴቶች ተስማማን። መንገድ ላይ ራሳችን ስለምናበስል መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሽርጥ ይሰፋ ተባለ። መቼስ ያለ ሽርጥ አክሱም የገባ ሰው የለም!

በቀለሙ ተጣላን፤ ታረቅን። ከዚያ ኪሱ ተረስቶ ኖሮ ተፈታና እንደገና ተሰፋ። ደረቱ ላይ የተጠለፈው ሐውልት የበቆሎ እሸት መሰለ። የምንሄደው መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ማን ያስታውሳል? እትዬ ዘሐራ አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸውና ከሐውልቱ ሥር «አክሱም ደርሰን መጣን» ብለው ጠለፉበት።

«ደክሞን ስንመለስ ደግሞ ማን ይጠልፋል?» አሉ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ሽርጡን የለበስነው ጎረቤት ሠርግ ቤት፣ ሽንኩርት ልንልጥ ነው።

«ዱጋ? እውነት አክሱም ደረሳችሁ?» አለች የሙሽራዋ አክስት ኦሮምኛ ቀላቅላ፣ ደረታችንን እያነበበች።

ሁላችንም አቀረቀርን። እትዬ ዘሐራ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ ተይኝ እህቴ! ድንጋዩ ታይቶ አይጠገብም!» ብለው ጀመሩ፤ ሽንኩርቱ ተልጦ እስኪያልቅ ተረኩላት።

እኔ መቼም ውሸት ሲወራ ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

«ዳገቱን ረሱት እንዴ እትዬ?» አልኩ። «ጉልበቴን እስከ ዛሬ ያመኛል!»