ከድሩና የደረጃው ጣጣ

ከተማ ያለ ውሃ ይሰነብታል፣ ያለ መብራትም ያመሻል፤ ያለ ወሬ ጸሐፊ ግን አንድ ቀን አያድርም። ቡራዩ አለው፣ ሱሉልታ አለው፣ ተፍኪ እንኳን ሳይኖረው አይቀርም። የሰበታው ክቡር ኦቦ ከድሩ ነው፦ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ፣ የመብሩካ ባል፣ እንዲሁም በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚወጣው «የሰበታ አርብ» ደብዳቤ መስራች፣ ዋና አዘጋጅ፣ ዘጋቢና ፎቶ አንሺ።

ደብዳቤው ደግሞ ደህና ነበር። የሽንኩርት ዋጋ፣ ተቆፍሮ የተረሳ መንገድ፣ የጠፋ ፍየል፣ ማን ልጁን እንደዳረ፤ ሁሉንም ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ነበር የሚጽፈው። አንድ ድረ ገጽ የየከተማውን ጸሐፊዎች በእይታ ብዛት እየደረደረ ደረጃ ማውጣት ጀመረና የሰውዬው ሰላም አለቀ። ከድሩ አስራ አራተኛ፤ የቡራዩው ሐምዱ፣ ያ ትናንት የተወለደ ጎረምሳ፣ ሦስተኛ!

ከዚያ ወዲህ ከድሩ መቀመጫ አጣ። ባልዲ እያወረደ ስልኩን ያያል፤ መልስ እየሰጠ ስልኩን ያያል። ደንበኛ ገብቶ «አሰላሙ አለይኩም» ሲለው «ወአለይኩም ሰላም፤ ደብዳቤውን ከፍተኸዋል?» ይላል። ለቅሶ ቤት እንኳን፣ ሐዘንተኛውን «አላህ ያጽናህ» ካለ በኋላ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «የአርቧን አየሃት?» ይላል። መብሩካ ስትቆጣው መልሱ አንድ ነው፦ «ቁጥር አይዋሽም!»

የሐምዱን ብልሃት ሲያጠና ደረሰበት። ልጁ ዶሮ እንቁላል ብትጥል «ሰበር!» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ታዲያ አንድ አርብ የሚጻፍ ነገር ጠፋ። ከድሩ ሱቁ ውስጥ ሲንቆራጠጥ ቆይቶ እጁን ሊታጠብ ቢሄድ የቧንቧው ውሃ ቀጠን ብሎበት አየ። በቃ! «ሰበር! ሰበታ ከነገ ጀምሮ ውሃ አልባ ልትሆን ነው!» ብሎ ለቀቀው። ማንንም አልጠየቀም።

ጉድ ፈላ። ከተማው ተጠራርቶ ቧንቧ ከፈተ። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ፣ የሕፃን መታጠቢያው ሳይቀር ተሞላ። ማታውኑ ውሃው እውነትም ቀጥ አለ፤ ለቀናትም አልተመለሰም። ከድሩ ሐምዱን አልፎ ሁለተኛ ወጣ! «አላልኳችሁም?» እያለ ገበያው መሃል ተንጎራደደ።

ደስታው የቆየው የውሃ ሠራተኛው ሞቲ እስኪያገኘው ነው። «አከም ኦቦ ከድሩ! ውሃው እኮ የጠፋው ሰው ሁሉ ባንዴ ቀድቶ ታንከሩን ስላሟጠጠው ነው፤ እኛ ጋ ምንም ችግር አልነበረም» አለው፣ በሰው ፊት። ወዲያው ሐሜቱ ተነሳ፦ «ለካ ጀሪካኑን ሊሸጥ ኖሯል!»

ይሄ ከድሩን አንገበገበው። ያን ቀን ስልኩ ላይ ተተክሎ አንድ ጀሪካን እንኳን አልሸጠም፤ ግን ማን ይመነው? ዕድሜውን ሙሉ በሰው መሃል ያቆመው ስሙ ተናደ። ደንበኞቹ ሱቁን እያለፉ ሌላ ጋ ይገቡ ጀመር።

«ቁጥር እኮ አይዋሽም» አለ ለመብሩካ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«እሱስ አይዋሽም። የዋሸኸው አንተ ነህ» አለችው።

በሚቀጥለው አርብ «ሰበር» የሌለበት ደብዳቤ ወጣ። «ውሃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ጻፍኩ። ጀሪካን ለመሸጥ አልነበረም፤ ሐምዱን ለመብለጥ ነበር። ይቅር በሉኝ።» የከፈተው ሰው ጥቂት ነው። ደረጃውም ተንከባሎ ከሃያ በታች ወረደ።

በነጋታው ተስፋነሽ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት፤ በዚያ ሰሞን ውሃ ስትሸከም ወገቧን ይዟታል። ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከድሩ ስድቡን ጠበቀ።

«ጋሼ ከድሩ፣ አነበብኩት። ሐምዱን ለመብለጥ? በጌታ! ይሄ ምን የሚሉት እብደት ነው?»

ከድሩ አንገቱን ደፋ።

«በል አሁን ንገረኝ። ነገ ውሃ አለ?»

ቀና አለ። ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ እሱኑ ጠየቀችው! እንባው መጣ።

«እንጃ ተስፋነሽ። ሄጄ ሞቲን ልጠይቅ።»

«ሂዳ! ሱቁን እኔ አይልሃለሁ» አለችና ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠች።

ወጣ፤ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። እኛ ሰበታዎች ይህን ሰው በቡራዩም በሱሉልታም ጸሐፊ አንለውጠውም። ሞቲ ዘንድ እስኪደርስ ደረጃውን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።