ቀዳዳ ያለው ሳጥን

ቃል ብቻውን ሲላክ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ይህን የምላችሁ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ስለኖርኩ ነው። «ቤት» ብላችሁ ብታቆሙ አንዱ ምግብ ቤት ይመጣበታል፣ አንዱ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ግቢው ጥግ ያለችው፣ ሁላችንም በየዕለቱ የምንጎበኛት ትንሿ ቤት። «ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ሰው ልባችሁን አያነብም» እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። ታዲያ እኔው ራሴ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ መነጽሬን እንዳደረግኩ፣ ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንድ አናጢ ፊት ቆሜ አንዲት ቃል ብቻዋን ላክሁ። ሄዳ ሄዳ አሰንዳቦ ገባች።

ከባለቤቴ ልጀምር። ግዛው ፒካፕ ነበረችው። ባለ አንድ ጋቢና፣ ነጭ፤ እሱ ነጭ ይበላት እንጂ የጅማ ጭቃ በራሱ ቀለም ከቀባት ቆይቷል። የሰው ዕቃ ያመላልስባት ነበር፤ ወደ ሰርቦ ሲሚንቶ፣ ከሰርቦ ቡና፣ አልፎ አልፎም የሙሽራ ሚዜ። ሥራ በሌለው ቀን እኔን ይጭናል። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ጋደም አድርጌ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እሱ ያወራል። ስለ መንገዱ ያወራል፣ ስለ ሚኒባስ ሾፌሮች ያወራል፣ ወሬው ሲያልቅበት ደግሞ ወደ ዋናው ሐዘኑ ይመለሳል፤ መኪናዋ ቤዝ የላትም።

እውነቱን ለመናገር ድምፅ ማጉያዎቿ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስሉ ነበር። ከበሮ ሲመታ ማንኪያ የወደቀ ይመስላችኋል።

«የሺዬ፣ ቤዝ እኮ በጆሮ አይሰማም፤ በወገብ ነው» ይለኛል።

«እኔ ወገቤን ያመኛል።»

«ታዲያ መድኃኒቱን እየነገርኩሽ!»

አንድ ቀን አስገባለሁ፣ አንድ ቀን አስገባለሁ እንዳለ ሞተ።

ባል የሞተባት ሴት ብዙ ነገር ትወርሳለች፤ ከሁሉም የሚበዛው ዝምታ ነው። ሬዲዮ ብትከፍት ጎረቤት ይሰማል፣ ብትዘጋ ራሷ ትሰማለች። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግዛው «አንቺ ወደ ኋላ መንዳት አትችይም» ስላለኝ በእልህ ያወጣሁት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ መኪናዋን አስነሥቼ እስከ ግቢው በር እደርሳለሁ፣ እዚያ ስደርስ ጋቢናው ዝም ማለቱን እሰማለሁ፣ አጥፍቻት ወደ ቤት እገባለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ አልቆጠርኩም። ጎረቤቶቼ ግን ቆጥረዋል።

የግዛው ታላቅ ወንድም ጋሼ መኮንን አሰንዳቦ ነው የሚኖሩት። ክፉ ሰው አይደሉም። «የሺ፣ ቆማ ከምትበሰብስ ለእኔ ስጪኝ፤ እኔ እሠራባታለሁ» ሲሉኝ ልክ ነበሩ፤ ሰው ልክ ሲሆንባችሁ ደግሞ እንዴት እንደሚያበሽቅ ታውቃላችሁ። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ መንዳት ካልቻልኩ ይውሰዷት አልኩ። ቃሌን ሰጠሁ። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መኪናዋ አሁንም ከግቢው በር አላለፈችም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ከሾፌሩ ወንበር ሥር የጠመኔ ካርቶን ቁራጭ ያገኘሁት። የእኔው የትምህርት ቤት ጠመኔ! ግዛው ጋቢናውን ከጎን በእርሳስ ሥሎበታል፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ መሪ፣ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ሦስት ቦታ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለው ተሰርዟል፤ «ክሪክ አለ» ይላል። ከኋላ፣ ጭነት ከሚጫንበት ካሶኒ ላይ ያለውም ተሰርዟል፤ «ዝናብ» ይላል። ሦስተኛው ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው። እሱ አልተሰረዘም። ከጎኑ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «የየሺ ወገብ»።

አነበብኩት። ቤዝ በወገብ ነው የሚሰማው ይል አልነበር? ለእኔ ወገብ አስቦ ቦታ መርጦልኛል ማለት ነው። ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ ወደ ከማል ሄድኩ።

ከማል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። «ሀ»ንና «ሐ»ን ሲለይ አይቼው አላውቅም፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቁን ዋጠና «ቲቸር፣ ሰብዉፈር? የቤዝ ድምፅ ማጉያ? እርስዎ?» አለኝ።

«እኔ። ከመጀመሪያው አስረዳኝ፤ እንደ አራተኛ ክፍል።»

አስረዳኝ። ጀማሪ ሁሉ ትልቁን ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ይሮጣል አለ፤ ስህተት ነው። መጀመሪያ ቦታው ይለካል። ከዚያ ሳጥኑ ይሠራል። ከዚያ ለሳጥኑ የሚሆን ድምፅ ማጉያ፣ ለእሱ የሚመጥን ኃይል የሚሰጥ አምፕሊፋየር፤ በመጨረሻ ከባትሪው የሚነሣ ወፍራም ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው፣ አለዚያ መኪናዋ ትቃጠላለች። «ቤዝ ማለት አየር ነው ቲቸር። ሳጥኑ ካፈሰሰ ቤዝ የለም።» የተሠራ የሚሸጥ ሳጥን ከእኔ ወንበር ጀርባ ስለማይገባ አናጢ ዘንድ ይሂዱ ብሎ ልኬቱን ጻፈልኝ። ወረቀቱ ላይ ሰባት የፊደል ግድፈት ነበር፤ እዚያው ቆሜ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩለት። ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

አናጢው አባ ዲጋ ናቸው። በርጩማቸው በየቤቱ አለ፤ ሌላም ነገር ይሠራሉ። ባለፈው ዓመት ግዛው የተቀበረበትን ሳጥን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ረስቼ አልነበረም። ግን ያን ዕለት አእምሮዬን የሞላው ቤዝ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ የሺ» አሉኝ።

«ደህና አደሩ አባ ዲጋ? ሳጥን ላሠራ ነው የመጣሁት።»

መላጊያቸውን አስቀመጡ። ኮፊያቸውን አስተካከሉ። «ለማን?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለግዛው።»

ጥቂት አዩኝና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «ርዝመቱ ሰባ ሳንቲም… ትንሽ ናት።»

«ትበቃዋለች» አልኩ።

«ኤዬ። ትበቃዋለች።» ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩ። «ግን ኤምዲኤፍ ይላል። ለግዛውማ በተጨመቀ ሰጋቱራ አልሠራም እትዬ! ዋንዛ ነው።»

እንዴት ያለ ድምፅ የሚገባቸው ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። «ደግሞ በደንብ ይታሸግ፤ አየር እንዳያስገባ፣ እንዳያስወጣ።»

«ይታሸጋል።»

«እዚህ ጋ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ የሰሃን ያህል።»

«ቀዳዳ?»

«ድምፁ በዚያ ነዋ የሚወጣው።»

«ያ ራቢ» አሉ አባ ዲጋ፣ በጣም በቀስታ።

እናንተ ገብቷችኋል፤ እኔ አልገባኝም። የተቀበረን ሰው አፅሙን አፍልሶ ወደ ትውልድ ቀዬው መውሰድ በእኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ለዚያም አነስ ያለች ሳጥን ትሠራለች። አባ ዲጋ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ቀዳዳው ግራ ቢያጋባቸውም ሐዘንተኛን በጥያቄ ማድከም ነውር ነው፣ ያውም አስተማሪ። አንድ መጽሐፍ ላይ አንብባ ይሆናል ብለው ተዉት። ስለ ሳጥኗ የነገሩትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሰርቦ ዋንዛ ለሚያመጣላቸው ነጋዴ። የቀረውን መንገዱ ጨረሰው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ መኮንን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢዬ ገቡ። ወንበር ብሰጥ አልቀመጥም አሉ።

«የግዛውን ሳጥን አዘዝሽ የሚባለው እውነት ነው?»

ደስ አለኝ፤ እነሱም ሰምተዋል ማለት ነው። «እውነት ነው ጋሼ።»

«እኔን ሳታማክሪ?»

«የእሱ ፍላጎት ነው። በጽሑፍ ትቶልኛል።»

«በጽሑፍ!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እሺ፣ የት ልታደርጊው ነው?»

እዚህ ላይ የአማርኛ ጥፋት አለበት። «ልታደርጊው» ስንል ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ለሰውም ለዕቃም ታገለግላለች፤ ለማን እንደሆነች ግን አትናገርም።

«መኪናው ውስጥ ነዋ፣ ከወንበሬ ጀርባ» አልኩ።

«ከወንበርሽ ጀርባ?!»

«ካሶኒው ላይ ካደረግኩት እኮ ዝናብ ይመታዋል።»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜን ይዘሽው ልትዞሪ ነው?»

«ከማል ሽቦውን ያገናኘው እንጂ፣ እርስዎም ድምፁን ይሰሙታል!»

ጋሼ መኮንን መጀመሪያ የሰጠኋቸው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ያን ጊዜ ነው የነጠላቸውን አደራረግ ልብ ያልኩት። ነጠላውን አየሁ፣ ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ አባ ዲጋ «ለማን?» ሲሉኝ ድምፃቸውን እንዴት ዝቅ እንዳደረጉ ትዝ አለኝ። ሮጬ ካርቶኑን አመጣሁ።

ጋሼ መኮንን የወንድማቸውን እጅ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቴፕ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «የቴፕ ሳጥን ነው?»

«የቴፕ ሳጥን ነው።»

«ይኼ ልጅ ሞቶም አያርፍም!» አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ ሽማግሌዎቹም፣ እኔም። ግቢዬ ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ዓመት ሊሆን ነበር። ሲወጡ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «ቃል ቃል ነው» አሉኝ። «ዓመቱን አውጥተን በማግሥቱ ወይ አሰንዳቦ ታደርሺኛለሽ፣ ወይ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ።»

አባ ዲጋ ነገሩን ሲሰሙ ኮፊያቸውን አውልቀው ሳቁ፤ ሳጥኑ ግን አልቆ ነበር። ዋንዛው ተወልውሎ ያበራል፣ ቀዳዳው ክብ ነው። በአንደኛው ጫፍ በእርሳስ «ራስጌ» ተብሎ ተጽፎበታል። «ልላገው?» አሉኝ። ተዉት አልኩ።

ከማል «ዋንዛ?» ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ሽቦውን መዘርጋት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሲጨርስ «ይቀመጡና ይሞክሩት ቲቸር» አለኝ። በልማዴ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በልማዴ ወንበሩን ወደ ኋላ ላጋድል ሳብኩ።

አልሄደም።

«አዎ፣ ሳጥኑ ይዞታል» አለ ከማል። «እዚህ ከተደረገ ይቺ ወንበር መጋደል አትችልም። ጋሽ ግዛውም በሕይወት ሳሉ መጥተው ስንለካ ይህንኑ ነግሬያቸው፣ ‹በል ተወው› ብለው ሄዱ፤ የነገሩዎት መስሎኝ።»

«የየሺ ወገብ»።

ሠላሳ ዓመት አንብባችሁ ጻፉ ስል የኖርኩ ሴት ሁለት ቃል ማንበብ አቅቶኛል። ምርጫ አልነበረም፤ እንቅፋት ነበር። አንዱን ክሪክ ከለከለው፣ አንዱን ዝናብ፣ አንዱን እኔ። እኔን ግን አልሰረዘኝም። ያን ሁሉ ዘመን ጣሳ ውስጥ ያለውን ንብ ሲሰማ የኖረው እኔ ጋደም ብዬ እንድተኛ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። ሌላውን ሁሉ ሲያወራ!

«ላውጣው እንዴ ቲቸር?» አለ ከማል ፊቴን አይቶ።

 ከወንበሩ ወረድኩ፣ መኪናዋን ዞርኩ፣ በመሪው በኩል ገባሁ። ይህኛው ወንበር በግዛው እግር ልክ እስከ ግድግዳው የተገፋ ነው፤ ከጀርባው ሳጥን አያስገባም። «ይቆይ» አልኩት። «ከእንግዲህ እዚያ የሚተኛ የለም።»

ዓመቱን ባወጣን በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ መኮንን የእኔ ወንበር ላይ፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ችሎት ምስክር ተቀመጡ። ግቢው በር ደረስን። ጋቢናው ዝም አለ፤ እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ጋሼ መኮንን እጄን አዩት። ቁልፉን ትቼ ሙዚቃውን ከፈትኩት። በሩን አለፍነው።

ከጅማ ሰርቦ ሩቅ አይደለም፤ ወገብ ለሚያመው ሰው ግን ሩቅ ነው። ጋሼ መኮንን ወንበሩን ገፉት፣ አልሄደም፤ ደገሙት፣ አልሄደም። ከበሮው ከጀርባቸው ይደበድባቸዋል። ሰርቦ ስንገባ «አቁሚልኝ» አሉ። ወርደው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«መኪናዋ ላንቺ ትሁን የሺ። ወገብ አታውቅም» አሉና ሚኒባስ ፍለጋ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ልመለስ እችል ነበር። ግን ቃል ቃል ነው፤ አሰንዳቦ ብያለሁ። ሙዚቃውን ከፍ አደረግኩት። እውነቱን ነው፣ በጆሮ አይደለም፤ ከወገብ ይጀምራል፣ ከዚያ በጀርባ እየተንከባለለ ይወጣል፣ ልክ አጠገባችሁ ያለ ሰው እያወራ እንደሚስቅ። መንገዱ ደበዘዘብኝ። የመስታወት መጥረጊያውን አስነሣሁ፤ ዝናብ አልነበረም።

አሰንዳቦ ከሚኒባሱ ቀድሜ ደረስኩ። መንገድ ዳር አቁሜ ካርቶኑን አወጣሁ። አስተማሪ ሳለሁ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሚሰጥ ተማሪ ኤክስ ነበር የሚያገኘው። ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ «የየሺ ወገብ» ከሚለው ጎን ሁለት ራይት አደረግኩለት፤ አንዱ ለቤዙ፣ አንዱ ለእንቅልፌ። ሚኒባሱ መጥቶ ጋሼ መኮንን ወገባቸውን ይዘው ሲወርዱ አየሁና ሙዚቃውን ትንሽ ጨመርኩላቸው።