ጉልበት የሚያልፍ ማሊያ

ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰውና ስጦታውን ሊገመግም የሚመጣ ሰው ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ይለያሉ። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የማወርደው እኔ ነኝና እመኑኝ። ሰጪው ጓዙ ብዙ ነው፤ ፎቶ አንሺም አያጣም፤ ሙቀቱ ፊቱን እስኪመታው ድረስ ፈገግታው አይጠፋም። ገምጋሚው ግን አንዲት ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። የጎደለ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። አይፈረድበትም። እናንተስ ለዘመድ ጫማ ልካችሁ ልትጠይቁት ብትሄዱ፣ መጀመሪያ የምታዩት ፊቱን ነው ወይስ እግሩን?

አምና አንድ የአዲስ አበባ እግር ኳስ ክለብ ለከተማችን ሴት ልጆች ኳስና ማሊያ ይዞ መጣ። ከረጢቶቹን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ ከልጆቹ ጋር ግማሽ ቀን ተጫወቱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ የቅዳሜውን ልምምድ አቻን ለምትባል የከተማችን አሰልጣኝ አደራ ብለው ተመለሱ። ደግ ሰዎች ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ተሳሳቱ፤ አስራ አምስቱም ማሊያዎች የአዋቂ ልክ ነበሩ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሊዲያ ሰባት ቁጥሩን ስትለብሰው ጉልበቷን አልፎ ወረደ፤ እጅጌው እጇን ዋጠው። እናቶች መቀስ አነሱ። አቻን ከለከለች።

«ማንም እንዳይቆርጥ! ማሊያ አያድግም። የሚያድገው ልጅ ነው። ተዉት፣ ይደርሱበታል።»

ሳቅን። ልጆቹም ማሊያውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው መሮጥ ለመዱ። የአንዷ ቋጠሮ ከተፈታ አቻን ፊሽካ ትነፋለች፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ይቋጠራል፣ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ የእግር ኳስ ህግ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ክረምት ላይ ሊዲያን ወባ ወሰደብኝ። የታመመችው አራት ቀን ነው። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ሰባት ቁጥሩን አጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። «የሊዲያ አባት» ይሉኝ የነበሩት የስራ ባልደረቦቼ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። አዝነውልኝ ነው። «የሊዲያ አባት» ማለቷን ያልተወችው አቻን ብቻ ናት።

ከሁለት ወር በፊት የክለቡ ገምጋሚ መጣ። አንዲት ቦርሳ። ወላጅም ይጠየቃል ብላ አቻን ስለጠራችኝ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ እኔም ሜዳው ዳር ማንጎው ስር ነበርኩ። ገምጋሚው ወጣት ትሁት ነው፤ ነገሩን አልሸፋፈነም። ክለቡ በሁሉም ከተማ መቀጠል አይችልም፤ የሚያስቀጥለው የሰጠው እቃ ስራ ላይ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ካልሆነ የቅዳሜው ልምምድ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቶ ማሊያ ቆጠረ። አስራ አራት። ደግሞ ቆጠረ።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ማሊያ ጠፍቷል።»

«አልጠፋም ወንድሜ። ቤት ነው ያለው።»

«ማን ቤት?»

አቻን የልጆቹን ሰልፍ ታስተካክል ጀመር። ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። እሱን ነው ያልቻልኩት። ከተሰለፉት ልጆች መጨረሻ ላይ ኛሩዋች የምትባል አዲስ ልጅ በትምህርት ቤት ሸሚዟ ቆማለች።

ባጃጅ ይዤ ቤት ሄድኩ። ሳጥኑን ስከፍት ባለቤቴ ምን ልታደርግ ነው አላለችኝም። ማሊያውን ከእጄ ወሰደች፣ ዳሰሰችው፣ እንደገና አጥፋ ሰጠችኝ።

«ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩላት፤ ይፈታል» አለች።

ኛሩዋች ስትለብሰው ቁርጭምጭሚቷ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ገምጋሚው አስራ አምስት ብሎ ጻፈ፤ ልጆቹም ጨዋታ ጀመሩ። እኔ በሌለሁበት አቻን ስለ ሊዲያ ነግራው መሰለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለወደፊት ምን ይሻሻል? የማሊያው ልክ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የልጅ ልክ ይላክ ብዬ ልጻፍ?»

«አይ» አልኩት። «ትልቁን ላኩ።»

«ይወርድባቸዋል እኮ!»

«ይውረድባቸው። ይደርሱበታል።»

ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ ያለው አልመሰለኝም። ይህን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ፤ ጨዋታው ቆመ። ሰባት ቁጥር ተፈትቶባታል።

«የሊዲያ አባት!» ብላ ጮኸች አቻን። «ምን ቆመሃል? ግባና ቋጥርላት እንጂ!»

ገባሁ። ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩላት።

ባለፈው ሳምንት የክለቡ ስም ያለበት ከረጢት ከአውሮፕላን አወረድኩ። አቻን ስትከፍተው አዲስ ማሊያ ነው፤ ሁሉም የአዋቂ ልክ። እንደ አምናው ተሳስተው ይሁን አስበውበት አልጠየቅኩም። መገምገም የኔ ስራ አይደለም። የኔ ማውረድ ነው።