በሚኒባሱ ምትክ ስለተገዛው ሞተር

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡10
ቦታ፦ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልሰው የጋራ ሚኒባስ ውስጥ (ከቆመ ሦስት ሳምንቱ)
የተገኙ፦ ሰብሳቢው ጋሽ ቆራጩ፣ የግዢ ተጠሪው (የሰብሳቢው አማች)፣ ሾፌሩ፣ እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ፣ ጸሐፊው እኔ ልብስ ተኳሹ። በጥሪ የተገኙ፦ መካኒኩ።
ከአምስት የኮሚቴ አባላት አምስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የተገዛውን ሞተር ስለመረከብ

የግዢ ተጠሪው ያገለገለውን ሞተር ከተበተኑ መኪኖች ግቢ አምጥተው ደጅ ማቆማቸውን በደስታ ገለጹ። መካኒኩ "ማቆም ማለት?" ሲሉ ጠየቁ። በመስኮት ሲታይ ሞተር ሳይክል ሆኖ ተገኘ። መካኒኩ ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ተወሰነ።

ሰብሳቢው አማቻቸውን "አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ?" በማለት ማብራሪያ ጠየቁ። አማች ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አውጥተው "በሚኒባሱ ምትክ ያገለገለ ሞተር ይገዛ" የሚለውን አነበቡ። ሾፌሩ "በሚኒባሱ ሞተር ምትክ ነው ያልነው!" ብለው ጮኹ። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ "ሞተር" ማለት ለጆሮ ስለሚጎረብጥ አንዱን ለውበት ሲል መሰረዙን አስረዳ። ያመሰገነው የለም።

እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ ሚኒባሱ ከቆመ ወዲህ በእግር እየሄዱ ሁለት ጊዜ መዘግየታቸውን፣ ዛሬ 1፡30 ካለፈባቸው እንደሚባረሩ አስታወሱ። "ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰዓቱ!" ያሉት በምስጋና ተመዘገበ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ ስለመፈለግ

አማች የሞተር ሳይክሉ ሞተር ተፈትቶ ሚኒባሱ ላይ እንዲገጠም ሐሳብ አቀረቡ። መካኒኩ "ይሄ እንኳን አሥራ አራት ሰው፣ የዝናብ መጥረጊያውንም አይነቀንቅ" አሉ። ሾፌሩ ተሳፋሪውን በሞተር ሳይክሉ አንድ በአንድ ላመላልስ ቢሉም፣ ሲሰላ የመጨረሻው ሰው የሚደርሰው ለምሳ ሆነ። ያም ሆኖ ቅድሚያ በዕድሜ ይሁን በሥራ ዘመን በሚለው ላይ አማችና ሾፌሩ ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። ሰብሳቢው ጨርቅ እንጂ ነገር መቁረጥ ስለማይሆንላቸው ለሁለቱም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ "ሥራዬን ባጣ ልጆቼን እናንተ ታበሏቸዋላችሁ?" ሲሉ ጠየቁ። የጸሐፊውን አንጀት በሉት፤ ሆኖም ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ስለሆነ አልደገፋቸውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሞተሩ ዛሬውኑ ተመልሶ የመኪና ሞተር እንዲመጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሲቆጠር አራት ድምፅ ብቻ ሆነ። አምስተኛው ከደጅ ተሰማ፤ የሞተር ድምፅ ነበር። እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ ጋልበው ሄደዋል። ሰብሳቢው "ቁልፉን ማን ሰጣቸው?" ሲሉ መካኒኩ እጃቸውን አወጡ።

አጀንዳ 3፦ መዝጊያ

የሚመለሰው ንብረት በቦታው ስለሌለ፣ የዛሬውም ያለፈውም ውሳኔ እንዲሻር በአራት ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው 1፡50 ላይ ተበተነ። ጸሐፊውና ሰብሳቢው በእግር ተጉዘው ፋብሪካ የደረሱት 2፡40 ሲሆን፣ እትዬ ቁልፍ ሰፊዋ ሃያኛውን ሸሚዝ ጨርሰው ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የተሰጠው ለሁለታችን ነው።