አሥራ አንድ ሰው የለበሰው ኮት

የሰው ቤት የፎቶ አልበም እስከ ሁለተኛው ድረስ ደስ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ እግር ይደነዝዛል፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል። እኔ ግን የተቀጠርኩት ለዚሁ ነው። ሐዋሳ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። የከተማዋን የቆዩ ፎቶዎች በየቤቱ እየዞርን ስካን እናደርጋለን፤ ዋናውን እዚያው ለባለቤቱ መልሰን ቅጂውን ኮምፒውተር ውስጥ እናኖራለን። የነገ ሰው የትናንቱን እንዲያይ ነው ሐሳቡ።

ስቀጠር ከወረቀት ጋር ብቻ የምውል መስሎኝ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ ስንቴ ቤቴን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለችን ሴት የሰው በር አንኳኩታ ፎቶ እንድትለምን መላክ ምን ይሉታል?

ደግነቱ ሰዉ ራሱ ያወራል። አንዲት እናት የማሽኑ መብራት ፎቶዬን ያነጣዋል ብለው ሰጉ። ሌላዋ ደግሞ ማሽኑ ምን ምን እንደሚችል በደንብ አድርገው ከጠየቁኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እግረ መንገድሽን አማቴን ከፎቶው ልታወጪልኝ ትችያለሽ ወይ አሉኝ። አማትየው የተቀመጡት መሃል ላይ ነበር።

ወደ ጋሽ ማቴዎስ ልምጣ። መናኸሪያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ያሳዩኝ ፎቶ በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት የተነሱት ነው። ከኋላቸው ግድግዳ ላይ በቀለም የተሳለ ሐይቅ አለ። እውነተኛው ሐይቅ እኮ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግን ማን ይሄዳል? ባለመስመር ኮት ለብሰዋል። የላይኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ነጣ ይላል።

ኮቱን አዲስ አበባ ድረስ ሄደው እንዳሰፉት ነገሩኝ። ልብስ ሰፊው ጣሊያን ነበር አሉ። ይህንኑ ፎቶ ይርጋለም ልከው ነው ባለቤታቸውን እትዬ ራሔልን ያገኙት። ልጆቻቸው ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል፤ አባትየው አንድ ነገር ከዘለሉ ያስታውሷቸዋል። እጅጌው ትንሽ አላጠረም ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው። የዘመኑ ፋሽን ነው አሉኝ። እትዬ ራሔል ሻይ እየቀዱ ፈገግ አሉ። እኔም ቅጹ ላይ "ኮቱ የራሳቸው" ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ የልብ ወዳጃቸው ጋሽ ሀሜሶ ቤት ሄድኩ። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ሳቅ የማያጣቸው ሰው ናቸው። አልበማቸውን ስገልጥ ያ ኮት ብቅ አለ። ያው መስመር፣ ያው ነጣ ያለ ቁልፍ። እሳቸው ላይ ግን ልክክ ብሏል። ጋሽ ማቴዎስ አውሰዎት ነው ወይ አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ኮቱ ለካ የፎቶ ቤቱ ነው! ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ሰው አውርዶ ይለብስና ተነስቶ መልሶ ይሰቅለዋል። ወረፋ ሲበዛ አንዱ ሳያወልቅ ሌላው እጅጌውን ይይዛል።

"ያኔ አዋሳ ውስጥ ኮት የነበረው ሚስማሩ ብቻ ነው" አሉኝ። ቀጥለው ግን ይህን ለማቴዎስ ልጆች እንዳልነግር አስጠነቀቁኝ። ተረቱን ይወደዋል አሉ።

ከዚያ ወዲያ ኮቱ በየቤቱ ይጠብቀኝ ጀመር። አንዱ ላይ ሰፍቶ፣ አንዱ ላይ ጠብቦ፣ አንዱ ላይ እስከ ጉልበት ወርዶ። አሥራ አንድ ሰው ሆነ። አለቃዬ ጎን ለጎን ሲያያቸው ደስታውን አልቻለውም። ስብስቡ ለሕዝብ በሚከፈትበት ቀን ትልቁ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው፤ ቤተሰቦቹም ይጠሩ አለ።

ኮቱ እንደሚታይ የሚናገረው ጥሪ በደረሳቸው ማግሥት ጋሽ ማቴዎስ ቢሮዬ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እኔን ከዚያ ውስጥ አውጪኝ" አሉ። "ልጆቼ ቢስቁ ስቀው ይተዉኛል። ራሔል ግን አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ኮት አምናልኛለች።"

ፎቶ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ መብቱ ነው፤ ቅጹም ላይ ተጽፏል። ግን እኔ እውነትን ለማኖር አይደል የተቀጠርኩት? የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል። ይህን ሁሉ በሆዴ ተናገርኩ። በአፌ "እሺ ጋሼ" አልኩ። አሥራ አንዱ አሥር ሆኑ። አለቃዬ ሲነጫነጭ ዋለ።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ጋሽ ማቴዎስ ሚስታቸውን ቤት ሊያስቀሩ፣ ጉልበትሽን ያምሻል እያሉ ሞክረው ነበር አሉ። እትዬ ራሔል ግን በጊዜ መጥተው ፊት ተቀመጡ። ስክሪኑ በራ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ራሔል መነጽራቸውን አደረጉና አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የእኛስ የት ሄደ?"

ጋሽ ማቴዎስን አየሁ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ኮቱ የእኔ አልነበረም አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

"እሱንማ ያወቅሁት ይርጋለም ሆኜ ነው" አሉ እትዬ ራሔል።

ለካ በዚያው ወር ሌላም ሰው ፎቶውን ልኮላቸው ኖሯል፤ ያንኑ ኮት ለብሶ! አባታቸው ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አዋሳ ያለው ኮት አንድ ብቻ ነው እንዴ ብለው ነበር።

"ሌላኛው ልክክ ብሎለት የራሱ ይመስላል። የማቴ እጅጌ ግን ክርኑ ጋ ሊቀር ምንም አልቀረው፤ ውሰት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ይሄ ሰው መዋሸት አይችልም ብዬ እሱን መረጥኩ።"

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲያወራው ደስ ይለዋል አሉኝ። ደግሞም ታሪኩ በየዓመቱ እያማረበት ነው የመጣው፤ ጣሊያኑ የገባው በቅርቡ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ማን ነበር? ይኸው አርባ ዓመት አደመቀ።

ፎቶው እዚያው ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። ጋሽ ማቴዎስ እፎይ አሉ፤ ግን ለአንድ ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"ሌላኛው ማን ነው?"

እትዬ ራሔል ሆድ ይፍጀው ብለው መነጽራቸውን አጣጠፉ። ጋሽ ሀሜሶ ድንገት ሻይ አማረኝ ብለው ወጡ።

አሁን ቤተ መጻሕፍታችን እንደ ጋሽ ማቴዎስ ያለ ትጉህ አንባቢ የለውም። በር ስንከፍት ቆመው እናገኛቸዋለን። ኮምፒውተር ስለማይሆንላቸው ጋሽ ሀሜሶ አጠገባቸው ተቀምጠው ማውሱን ይነኩላቸዋል። ወዳጅ ለመቼ ነው? ኮቱን የለበሱትን አንድ በአንድ አጉልተው ይመረምራሉ። ይሄ ያኔ ባለትዳር ነበር፣ ይሄ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም፣ ይሄኛውን ግን እንያዘው ይባባላሉ። ሰባተኛው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ማቴዎስ፣ "ይሄ አንተ ነህ፤ እለፈው" ይላሉ።

ጋሽ ሀሜሶም ያልፉታል።