ቡላ ድንኳን ሲያይ

የአዲስ አበባ ሰው ጤና የለውም የምለው ጠልቼው አይደለም። ጣሪያ ያለው፣ በር ያለው፣ አልጋ ያለው ሰው ሱሉልታ ድረስ መጥቶ ጨርቅ ውስጥ ሲተኛ ምን ይባላል? እኛ ጣሪያችን እያፈሰሰ በየቤታችን የምናገኘውን ብርድ እሱ ሻንጣ ተሸክሞ ይመጣለታል። ስሙንም ካምፒንግ ብሎታል። ስም ካወጡለት ብርድም ያምራል።

በእኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሰርግና ለለቅሶ። ፈረሴ ቡላ ደግሞ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ምን ያድርግ? ሙሽራ ዛሬ የሚሄደው በመኪና ነው። ፈረስ የሚታወሰው ሽማግሌ ሲሞት ነው። ያኔ "ኦቦ ቱሉ፣ ቡላን ይዘህ ድረስ" ይሉኛል። ቡላ ባለዘርፍ ግላስ ይለብሳል፣ ድንኳኑን ሦስት ጊዜ በሶምሶማ ይዞራል፣ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ይደፋል። እኔ ከላዩ ሆኜ ሟቹን አወድሳለሁ፣ አልቃሹ ይጮሃል፣ ከዚያ ለቡላ ገብስ ይቀርብለታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከቤታችን የተማረ ካለ ቡላ ነው። አባቴንም በዚሁ ወግ የሸኘው እሱ ነው። ድንኳኑ የተተከለው እዚያው ሜዳችን ላይ ነበር።

ሜዳችን አልኩ? ልማድ ሆኖብኝ ነው። አንድ ክረምት አልፎ ብናይ አጥር በቅሎበታል። ገብስ ዘርቶ አጥር ያጨደ ከእኛ ሌላ ካለ ይንገረኝ። ከአጥሩ ውስጥ የካምፒንግ ቦታ ሆነ፤ በሩ ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ በዘበኝነት ቆሙ። የእሳቸውም መሬት ከዚያው ውስጥ ነው። እንግዲህ መሬታቸውን ከራሳቸው እንዲጠብቁ ተቀጠሩ ማለት ነው።

ሣሩ በሙሉ አጥሩ ውስጥ ቀረና ቡላ ከሳ። የጎድን አጥንቱን ቡራዩ ቆሞ መቁጠር ይቻል ነበር። አንድ የሰበታ ጋሪ ነጂ ሁለቴ መጥቶ ጥርሱን አየልኝ፤ ብሎኬት ሊያስጎትተው ነው። ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ጊዜ ነው የካምፑ ማናጀር፣ ደመና ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ልጅ፣ የጠራኝ። "ፋዘር" አለኝ፤ የማን አባት እንደሆንኩ ግን አልነገረኝም። ቅዳሜ እንግዶች ስለሚመጡ በፈረስ አዙራቸው፣ ካማረላቸው ፈረስህ ከአጥሩ ውስጥ ይግጣል አለ። ካላማረላቸውስ ስለው፣ ሰበታ ሩቅ አይደለም አለኝ። ለካ እሱም ሰምቷል።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ። እንግዶቹ እዚህ ድሮ ምን ነበር ብለው ከጠየቁ፣ ምንም አልነበረም፣ ባዶ ሜዳ ነበር በል። የመሬት ወሬ እንግዳ ያስከፋል አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ራሴ ላይ ጎፈር ደፉብኝ፤ ከየትኛው አንበሳ እንደተላጨ እንጃ፣ የፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ስድስት እንግዶች በቡላና በአምስት የጎረቤት ፈረስ ተሳፈሩ። ቡላ ላይ የወጣችው ዊንታ የምትባል ሳቂታ ልጅ ናት። ባህር ዛፉን አልፈን ወንዙን ተሻገርን። እኔም ወሬዬን ለቀቅኩት፤ አባቴ ጥጃ ያስርበት የነበረውን ድንጋይ ንጉሥ ፈረሱን ያሰረበት ነው አልኳቸው። ተራ በተራ አቅፈውት ፎቶ ተነሱ። አባቴ ጥጃ ያስርበት ነበር ብል ማን ያቅፍልኛል?

ስንመለስ፣ ኦቦ ገመዳ በሩን ሲከፍቱልን፣ ዊንታ ጠየቀችኝ። "አባባ፣ ካምፑ ያለበት ቦታ ድሮ ምን ነበር?"

የቡላን ጎድን አየሁ። "ምንም አልነበረም ልጄ፣ ባዶ ሜዳ ነበር" አልኳት። ድንጋዩን የንጉሥ ነው ብዬ ስዋሽ ያልደረቀ አፍ ያን ጊዜ ደረቀ።

በሩን አልፈን ገባን። እኛ ዙረት ላይ ሳለን ለካ ሠራተኞቹ ድንኳን ተክለዋል፤ መሀል ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን፣ ልክ የአባቴ ድንኳን ከነበረበት። ቡላ ጆሮውን አቆመ። ያዙት ሳልል በሶምሶማ ተነሳ። ዊንታ "ኡኡ!" አለች። ይኼን ባትል ምናለ! ቡላ አልቃሽ የመጣ መስሎት ባሰበት። እሷ ስትጮህ እሱ ሲያምርበት፣ ሦስት ዙር አንድም ሳያጎድል ዞረና በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ገብስ ሲጠብቅ ሲቀርበት ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ለቁርሳቸው ያመጡትን አጃ ከነላስቲኩ በላው።

ኦቦ ገመዳ የአጥሩ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ወዮ! ወዮ!" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ አየኋቸው። አጠገባቸው ስደርስ፣ "አየህ፣ ባዶ ሜዳ ነበር አላለም፤ ካንተ ፈረስህ ይሻላል" አሉኝ።

ማናጀሩ እየሮጠ መጣ። በቃ፣ ሰበታ ገባን አልኩ። እንግዶቹ ግን ስልካቸውን ደግነው ያጨበጭባሉ፤ ዊንታም ወርዳ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ማናጀሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። "ፋዘር፣ ይኼማ ትርኢት ነው! በየቅዳሜው ይደገማል" አለ። ቡላ ውስጥ እንዲግጥ ተፈቀደ። ፈረንጅም ይመጣል ተባለ፤ እኔ ግን እንግሊዝኛ ስለማልችል በቦታዬ እንግሊዝኛ የሚችል ጎረምሳ ጎፈሩን ደፋ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ለቅሶው የአባቴ ነው፤ የሟች ልጅ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያጽናህ ካልተባለ ምኑን ለቅሶ ሆነ? ኦቦ ገመዳ መንገዱን ዘጉ። አይኔን አላዩኝም፤ ጫማዬን እያዩ ነው የተናገሩት።

"ቲኬት ይዘሃል?" አሉኝ።

ቡላን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሦስቴ ዞሮ አንገቱን ደፋ፣ ሰው አጨበጨበ። ደግነቱ ወፍሯል።