መንገድ ላይ የቀረው ታቦት

የፊልም ፌስቲቫል ማለት ሰው ለምን እንደቆመ የማይጠየቅበት ቦታ ነው። ቆመሃል? እንግዲያው ወደኸዋል! አለቀ። ሐሜት እንዳይመስላችሁ... የቆምሁት እኔው ነኝ።

ልጄ ስመኝ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ፊልም ሠራች። በአገራችን በእንጅባራ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር የጥምቀትን በዓል ነው ያነሣችው። ፊልሙ ውጭ አገር፣ በዓለም የታወቀ ነው ለሚባል ፌስቲቫል ተመረጠላት፤ «እናቴን ካልያዝሁ አልሄድም» አለች። ተመስገን፣ እንዲህ ያለች ልጅ ሰጥቶኛል።

እዚያ ስንደርስ በሩ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ምንጣፍ አይቼ ዝም ብዬ ልለፍ? ጫማዬን አወለቅሁ። ፎቶ አንሺዎቹ ከበቡኝ።

«እማዬ፣ ኧረ አድርጊው!»

«በጫማ የሚረገጥ ከሆነ ለምን አነጠፉት?»

በማግስቱ ሁለት ሴቶች ጫማቸውን አንጠልጥለው ሲገቡ አየሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። ታቦቱ ከድንኳኑ ሲወጣ ብድግ ብዬ እልልታዬን አቀለጥሁት።

«ተቀመጪ እንጂ! ፊልም ነው እኮ!»

«ታቦት እያለፈ ልቀመጥ?»

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ስለጋረድሁት ተነሣ። ከእሱ ኋላ ያለችው እሱ ስለጋረዳት ተነሣች። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻው ወንበር ደረሰ... ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ከቆሙ አይቀር አጨበጨቡ! መድረክ መሪው «በቁም የታየ ፊልም» ብሎ አወጀ፤ ስመኝም ተሸለመች። በተለይ አጨራረሱ ተደነቀ። ታቦቱ ገና መንገድ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ ሳለ ፊልሙ ድርግም ይላል። «ክፍት አጨራረስ» ይሉታል አሉ። የእኔ ልብ ግን አልተቀመጠችም። ታቦቱ ገባ ወይስ አልገባም? ሽልማቱንም ቆሜ ነው ያየሁት።

የስመኝም ደስታ ሙሉ አልነበረም።

«የውጭ ሰው ጭብጨባ ምን ያደርግልኛል፣ እማዬ? እንጅባራ ላይ እልል ሲባልልኝ ነው ፊልም ሠራሁ የምለው።»

እውነቷን ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

ወሩ ሳይሞላ እንጅባራም ፌስቲቫል አዘጋጀች። ምንጣፍ የለም፤ ጭቃ አለ። ንግግሩ ከፊልሞቹ ረዘመ፤ ግን ተመስገን፣ መብራት አልጠፋም። ስመኝ አጠገቤ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

ታቦቱ ወጣ። አዳራሹ ብድግ! ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እኛም እልል አልን።

«እማዬ፣ ወደዱት!» አለች ልጄ፣ እንባዋ እየወረደ።

ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፤ ፊልሙን የሚያይ ሰው መኖሩን እንጃ።

ታቦቱ ጭጋጉ ውስጥ ሳለ ድርግም አለ። የአዳራሹ መብራት በራ። ያጨበጨበ የለም። የተቀመጠም የለም።

«ክቡራን፣ ተቀመጡ! ቀጣዩ የፍቅር ፊልም ነው» አለ መድረክ መሪው።

ጎረቤታችን ጋሽ አለኸኝ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ታቦቱን የት ጥላችሁት ነው የምንቀመጠው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ አለቀ!» አላቸው መድረክ መሪው።

«ወደ መንበሩ ሳይገባ? በማን ፈቃድ?»

ስመኝ ወደ ፊት ወጣች። «ክፍት አጨራረስ ነው፣ ጋሼ...»

«ክፍትማ የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። አስገቢው!»

ዳኞቹ ተያዩ። የፍቅር ፊልሙ ጥንዶች ኮምፒዩተር ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስመኝ ሮጣ ሄዳ፣ ቆርጣ ያስቀረችውን ክፍል ከላፕቶፗ ፈልጋ ለቀቀችው። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው! ከዚያ ሁሉም እፎይ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ከውጭ አገር ጀምሮ ያልተቀመጠችው ልቤ ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ዳኞቹ ሽልማቱን ለፍቅሩ ፊልም ሰጡት፤ «ተመልካች በሥርዓት ተቀምጦ ያየው» ብለው። ስመኝ ግን የፈለገችውን እልልታ አግኝታ እየሳቀች ስትወጣ፣ ጋሽ አለኸኝ በር ላይ ጠብቀው ያዟት።

«ልጄ፣ ፊልምሽ ግሩም ነው፤ እግዜር ይስጥሽ። ከእንግዲህ ግን ታቦት መንገድ ላይ ጥለሽ ውጭ አገር እንዳትሄጂ።»